መነጽሩ የሚያስቀረው ቀለም

«የማይታይ መብራት ይሠራ ነበር» አለ አጎቴ፣ ግቢው ውስጥ በተውሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ከጎኑ የነበረው የታችኛው ሰፈር ጎማ ጠጋኝ፣ ሟቹ ወንድሜ ምን ይሠራ እንደነበር ጠይቆት ነው። ጎማ ጠጋኙ ትንሽ አሰበና «ታዲያ መብራቱ የማይታይ ከሆነ መሥራቱ በምን ይታወቃል?» አለ። አጎቴም «እሱን እኔም ስጠይቀው ኖሬ ሳይመልስልኝ ሞተ» ሲል ሰዎቹ ሳቁ። የለቅሶ ቤት ሳቅ ነው፤ አፍ በእጅ ተሸፍኖ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበት። እናቴ መስኮቱ ሥር ነበረች፤ ሰምታለች። መስማቷን ያወቅሁት የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ሳትቀምሰው መልሳ ትሪው ላይ ስታስቀምጥ ነው። «ነገ ወስዳችሁ ታሳዩኛላችሁ» አለች። ምኑን አልናት። «መብራቱን።»

ወንድሜ የሞተው ራሴን አመመኝ ብሎ ተኝቶ ነው፤ በዚያው ሳይነሣ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ እናቴ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም። መጀመሪያ ሰዎች ደንግጣ ነው አሉ፤ ቀጥሎ ጠንካራ ናት አሉ፤ ከዚያ ግን ዓይን ዓይኗን ያዩ ጀመር። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ለራሷም ለእናቴም ስታለቅስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበርና በሹክሹክታ ትቆጣት ነበር። «አልቅሺ እንጂ አንቺ! ምነው፣ ሰው ምን ይላል?» ትላታለች። እናቴም «ምን እያልኩ ላልቅስ?» አለቻት። የምሯን ነው። «የግንበኛው ሚስት የሠራቸውን ቤቶች እየጠራች አለቀሰች፤ የሾፌሩ እናት መንገዱን እየጠራች አለቀሰች። እኔ ምን ልጥራ? ልጄ ሲሠራ የኖረውን አላየሁትም። ያላየሁትን ምን ብዬ ላልቅሰው?» አክስቴ ራሷ አለቀሰችላት። እኔ ካውያ ይዤ የምውል የልብስ ንጽሕና ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከሰው ጋር መነጋገር ብዙም አልችልበትም። ግን እናቴ ያን ለቅሶ ካላወጣችው እንደሚገድላት ገብቶኝ ነበር። ምግብ ይቀርብላታል፤ ታመሰግናለች፤ ትመልሳለች።

ወንድሜ አላስረዳንም ማለት አይደለም። ራት ላይ ስንቴ አስረድቶናል። መጀመሪያ ከመሣሪያው የሚወጣው ብርሃን ከቀይ ወዲያ ያለ ነው፤ ዓይን አያየውም። እሱ ያንን ብርሃን የጥፍር ያህል በሆነ፣ እንደ ውኃ በጠራ ድንጋይ ውስጥ ያሳልፈዋል። ድንጋዩ ዝም ብሎ አያሳልፈውም፤ ከብርሃኑ ላይ ትንሽ ወስዶ ለራሱ መንቀጥቀጫ ያስቀራል፤ ብርሃኑም የቀረውን ይዞ፣ ሌላ ቀለም ሆኖ ይወጣል። «ቀረጥ ነው በለኛ!» አለው አጎቴ ያን ጊዜ፤ ጡረታ እስኪወጣ ጉምሩክ የሠራ ሰው ነው። «አዎ፣ ቀረጥ ነው» አለው ወንድሜ። «ስንት ፐርሰንት?» «ከመቶ አሥር ቢሆን ነው።» አጎቴ ድንጋዩን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክበር ጀመረ። ግን ቀረጡን ከፍሎ የወጣውም ብርሃን ገና አይታይም። ሌላ ሁለተኛ ድንጋይ አለ፤ እሱ ደግሞ ብርሃኑን ሁለት ሁለት እያደረገ አንድ ያደርገዋል። ያኔ ነው ቢጫ ሆኖ የሚታየው። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን ከሳህኑ አንሥታ «እንግዲህ ቀረጥ ከፍሎ፣ ተጋብቶ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው?» አለች። «አዎ እማዬ።» «ይኸው መብራቱ እንኳ አገባ» አለችው። ወንድሜ ሳያገባ ነው የሞተው። ቢጫው ለዓይን ሐኪሞች ነው ይል ነበር፤ ዓይን ውስጥ ያለ ደም ቢጫን ይቀበላል፤ ስለዚህ የታመመውን የደም ሥር ለይቶ ለመተኮስ ይመቻል። እናቴ ይህን ለጎረቤት ልትነግር ሞከረችና መሐል ላይ ጠፋባት፤ ከዚያ በኋላ ሲጠይቋት «በመብራት በኩል ነው» ትል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከወንድሜ ክፍል ወጣች። ከሞተ ጀምሮ እዚያ ነው የምትተኛው። ክፍሉ ቀንም ጨለማ ነው፤ መስኮቱ ላይ ወንድሜ ራሱ በምስማር የመታው ወፍራም ግራጫ ብርድ ልብስ አለ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የመንገድ መብራት ተተክሏል፤ እንቅልፍ ይነሣኛል እያለ ሲራገመው ኖሯል። መብራት ቤት ድረስ ሄዶ አውርዱልኝ ብሎ ተጣልቷል፤ አንዴማ አምፖል ሊቀይር የመጣውን ሠራተኛ መሰላሉ ሥር ቆሞ «እባክህ የተቃጠለውን መልሰህ ግጠመው» ብሎ ለምኖታል። ብርድ ልብሱን ለማውረድ ማናችንም አልደፈርንም። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ጫማዋን አሳስራኝ፣ በሩ ላይ ቆመች። አጎቴ ሰዓቱን እያየ፣ አክስቴ ሦስት መሐረብ ይዛ፣ እኔ እናቴን ይዤ ወጣን። አጎቴ ከታክሲው ሾፌር ጋር በዋጋ ሲከራከር ቆየ፤ ሾፌሩ ጥቁር ልብሳችንን አይቶ «ቀብር ከሆነ እቀንሳለሁ» አለ፤ አጎቴ «ቀብር ነው» ሊል አፉን ሲከፍት እናቴ ገብታ በሩን ዘጋችው።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ የወፍጮ ቤት ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ግድግዳው በዱቄት ነጥቷል። ዘበኛው ወንድሜን ያውቀው ኖሮ ቆቡን አውልቆ፣ ወደ ውስጥ ደውሎ አስገባን። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከበላዩ ቀይ አምፖል ያለበት በር አለ። በሩ ላይ አንድ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የቆለፈ ሰው ቆሞ ይጠብቀናል። ሳይናገር ነው ያወቅነው። ደንቡ ነው። ወንድሜ ራት ላይ ስለሱ ሳያማርር ያደረበት ቀን የለም፤ «ደንቡ ዛሬም አስቆመኝ»፣ «ደንቡ መጣና አጠፋብኝ» ይል ነበር። የክፍሉን ደኅንነት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ለሚጠየቀው ሁሉ «ደንብ ነው» ስለሚል ወንድሜ ያወጣለት ስም ነው። እናቴ ግን እናት አባቱ ያወጡለት ስም መስሏት ኖራለች። ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «አቶ ደንቡ ማለት አንተ ነህ?» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋና «ነኝ እናቴ» አለ። ልጅዋን እንደዚያ ሲያንገበግብ የኖረውን ሰው እናቴ ወፍራምና ቀይ አድርጋ ስላሰበችው ግራ ተጋባች።

«ማብራት እችላለሁ» አለ ደንቡ። «ከሱ ወዲህ አላበራሁትም። ግን ደንብ አለ።» መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ መውለቅ አለበት፤ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጥ፤ ጨረሩ ቢነካው ወደ ሰው ዓይን ይመልሰዋል። አክስቴ ጌጧን እያወለቀች አንድ በአንድ ለዘበኛው ስታስረክብ፣ አደራ ስትለው፣ መልሳ ስትቀበለው፣ ለእኔ ስትሰጠኝ ብዙ ቆየን። አጎቴ ሰዓቱን ፈታ። የእናቴ የጋብቻ ቀለበት ግን አልወጣም አለ። ጣቷ በልጦታል። መታጠቢያ ቤት ወሰድኳት፤ በሳሙና ሞከርን፤ በዘበኛው የእጅ ቅባት ሞከርን፤ አጎቴ ከውጭ «ወደ ግራ አዙሩት!» እያለ እንደ ብሎን መመሪያ ይሰጣል። በመጨረሻ ደንቡ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ፕላስተር አምጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የእናቴን እጅ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ቀለበቱን ጠቀለለው። «አባቱ ያደረገልኝ ነው» አለችው። «አይጎዳም፣ ይላቀቃል» አላት። ጣቷ እንኳ ሐዘን የለበሰ መሰለ።

ከዚያ መከላከያ መነጽር አደለን፤ ትልልቅ፣ ፊት ላይ በላስቲክ የሚጣበቅ፣ መስታወቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ውስጥ ስንገባ አንድ ረጅም የብረት ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ፣ መስታወቶችና ጥቋቁር ሳጥኖች የቆሙበት። ወንበር ግን የለም። እናቴ ጉልበቷን ያማታልና ወንበር ጠየቅሁ። ደንቡ «መቀመጥ ክልክል ነው» አለ፤ ጨረሩ የሚሄደው በጠረጴዛው ከፍታ ስለሆነ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከጨረሩ ጋር ይገጥማል። መጎንበስም ክልክል ነው። አክስቴ ወዲያው መሐረቧ ወደቀባት። ልታነሣ ስትል ደንቡ «አይጎንበሱ!» ብሎ ጮኸ፤ አክስቴ በመሐል ቀጥ ብላ ቀረች። ስለዚህ አራታችን ግድግዳውን ተደግፈን፣ ጥቁር ለብሰን፣ ሐምራዊ መነጽር አድርገን፣ ፎቶ እንደሚነሣ ቤተሰብ በሰልፍ ቆምን። አክስቴ ጠረጴዛው ላይ ወደነበረው ድንጋይ በጣቷ እያመለከተች «አልማዝ ነው?» ስትል ድምፅዋ ተከፍቶ ወጣ። ደንቡ ከአልማዝም የሚሠሩ እንዳሉ፣ ይኸኛው ግን በምድጃ ውስጥ ቀልጦ የበቀለ ሌላ ነገር መሆኑን ነገራት። «በቀለ?» አለች። «ቀስ ብሎ ይበቅላል።» አክስቴ ድንጋዩን ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አላየችውም። አጎቴ ግን ጠጋ ብሎ «ቀረጡን የሚያስከፍለው ይኼ ነው?» ብሎ በአክብሮት ጎንበስ ሲል እሱም ተጮኸበት።

ደንቡ በሩን ቆለፈ። ውጭ ያለው ቀይ አምፖል መብራቱን አረጋገጠ። የክፍሉን መብራት አጠፋ፤ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ብቻ ቀረ። አንድ ቁልፍ አዞረ። ከጠረጴዛው ሥር ውኃ የሚገፋ ሞተር ማጉረምረም ጀመረ። የእናቴ እጅ ክንዴን ጨበጠ። ደንቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆጠረ፤ ሰው ባይኖርም መቁጠር ደንብ ነው። ከዚያ ወደ ሩቁ ጫፍ፣ አንድ ነጭ ሸክላ ወደ ቆመበት እያመለከተ «በራ» አለ።

ሁላችንም ሸክላውን አየን። ነጭ ሸክላ ነው። «ግሩም ነው!» አለ አጎቴ። «ወይ ማማሩ!» አለች አክስቴ። «ያው እንደነገረን ነው፣ ቢጫ፣ ጥርት ያለ ቢጫ» ብሎ አጎቴ ቀጠለ። «ሙቀቱ እዚህ ድረስ ይሰማል» አለች አክስቴ። እኔ ዓይኔን አጥብቤ አየሁ፤ ከፍቼ አየሁ፤ ያው ሸክላ ነው። ሞተሩ ያጉረመርማል። እናቴ ሸክላውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «አልበራም» አለች።

«በርቷል እናቴ።»

«እኔ ምንም አይታየኝም።»

«አይታይም» አለ ደንቡ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «መነጽሩ ነው። መነጽሩ የሱን ቀለም ያስቀረዋል። ሌላውን ቀለም ሁሉ፣ ሌላ ዓይነት ቢጫም ቢሆን፣ ያሳልፋል፤ የሱን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ዓይን እንዳይጎዳ።»

«እንግዲያው ላውልቀዋ።»

«ክልክል ነው። ደንብ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ወደነበረ ስክሪን ወሰደን፤ ካሜራ ሸክላውን ያያል። ስክሪኑ መሐል ላይ ክብ ነጭ ነጥብ አለ፤ ዙሪያው ግራጫ ነው። እናቴ «ቢጫ አልነበር እንዴ?» ስትለው ደንቡ «ቢጫ ነው፤ ካሜራው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው» አላት። አጎቴ አሁን የጉምሩክ ሰው ሆነ። «ቆይ» አለ፤ «በመነጽር አይታይም። በካሜራ ነጭ ነው። ታዲያ ቢጫ መሆኑን ማን አይቶ ነው የነገራችሁ?» ደንቡ ወደ አንድ ትንሽ ሳጥን አመለከተ፤ ሳጥኑ ላይ ቁጥር በርቷል። «ቁጥሩ ቢጫ ነው» አለ። አራታችንም ተሰብስበን ቁጥሩን አየነው። ቀይ ቁጥር ነበር።

እናቴ ወደ ደንቡ ዞረች። ሁለቱም መነጽር ስላደረጉ ዓይን ለዓይን መተያየታቸውን እንጃ። «ልጄስ?» አለችው። «እሱስ አይቶታል?» ደንቡ ቁልፉን መልሶ አዞረ፤ ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። «ሥራው የተሳካለት ዕለት» አለ ደንቡ፣ «ቁጥሩ ልክ የመጣለት ዕለት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላውልቀው፣ በጎን ልየው ብሎ ለመነኝ። ከለከልኩት። በሳምንቱ...» ቀጥሎ ሊል የፈለገውን ሁላችንም አወቅነው። አክስቴ አፏን ያዘች። አጎቴ ደንቡን ሊሰድበው አየር ሲስብ ሰማሁት። እናቴ ግን በፕላስተር የተጠቀለለውን ጣቷን አንሥታ የሰውዬውን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለችለት። የተስተካከለ ነበር። «ደግ አደረግህ» አለችው። «ዓይኑ ደኅና ሆኖ ነው የተቀበረው።»

በር ላይ ጌጥ መቀበል፣ ሰዓት ማሰር፣ የአክስቴን ሦስተኛ መሐረብ ፍለጋ፣ ትርምስ ሆነ። ደንቡ በዱቄቱ እየሳለ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሸኘን። ታክሲ እስክናገኝ፣ አጎቴ እስኪከራከር፣ ቀኑ ዘመም አለ። ሾፌሩ በመስታወት ደጋግሞ ወደ ኋላ ሲያይ ዞር ብዬ ሳይ፣ እናቴ መነጽሩን አላወለቀችም። «እማዬ፣ መነጽሩ! የሰው ዕቃ ይዘን ወጣን እኮ።» «ተይኝ» አለችኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነው። አንድ ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ ታልፋለች። «ያ ጀሪካን ቢጫ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት። «ለእኔም ይታየኛል» አለች፤ «እንግዲህ የሱ አይደለም።» ያኔ ምን እንደምትሠራ ገባኝ። የሱን ብቻ ነው የሚያስቀረው ብሏታል። የሚጎድለውን እየፈለገች ነበር። የሱቅ ሰሌዳ፣ የሴት ቀሚስ፣ ሎሚ የጫነ ጋሪ፤ ሁሉንም ትጠይቀኛለች፤ ሁሉም ይታያታል። አጎቴ ከፊት ሆኖ «አሁን ይቺ ሴትዮ ልታብድ ነው» አለ ለሾፌሩ፣ እኛ የማንሰማ ይመስል። አስፋልቱ ላይ ነጫጮቹ አዲስ መብራቶች በሩ። ታዩአት። ነጭ ናቸው።

ወደ ቅያሳችን ስንታጠፍ ምሽቱ ገና መያዙ ነበር። የኛ ቅያስ መብራቶች አሮጌዎቹ ናቸው፤ ማንም አልቀየራቸውም፤ ሲበሩ መጀመሪያ ቀላ ብለው ቆይተው ነው ቢጫ የሚሆኑት። በራችን ላይ ወረድን። እናቴ ቀና ብላ «ዛሬም መብራት የለም» አለች።

«በርቷል እኮ!» አልን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፋችው። የወንድሜ መስኮት ፊት ለፊት ያለው መብራት ቢጫ ሆኖ ቦግ ብሏል፤ ግድግዳው ቢጫ፣ የአጎቴ ፊት ቢጫ፣ የእጆቿ ጀርባ ቢጫ። መነጽሩን አወረደችው። «የለም» አለች። ገፋችው። «አለ።» አወረደችው። «የለም።» አጎቴ ቀምቶ ሞከረው፤ አንገቱን አንጋጦ፣ እያወጣ እያወረደ። ከምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው የመብራት ሳጥን ይታያል፤ ብርሃኑ ግን የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን እውነቱን ተናገረ፤ «ምንም አይታየኝም» አለ። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ። «ግን ይኼ እኮ መብራት ቤት የሰቀለው ነው! እሱ ሳይወለድ የተሰቀለ ነው! ያን ሁሉ ዘመን ሲለፋ የኖረው ለዚህ ቀለም ነው?» ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ከመስታወቱ ጀርባ በምስማር የተመታው ግራጫ ብርድ ልብስ ይታያል።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች። ሳቋ ከሆዷ ነው የመጣው፤ ጉልበቷን አጥፎ የቦዩ ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። አክስቴ ደንግጣ «ኧረ ተይ፣ ሰው ይሰማል» ትላታለች። እናቴ መብራቱን፣ መስኮቱን፣ መብራቱን እያሳየች ትስቃለች። ሳቁ መቼ እንደተቀየረ ማናችንም አላወቅንም። «ልጄ» አለች፤ «በብርድ ልብስ የጋረድከውን፣ አውርዱልኝ ብለህ የተጣላኸውን፣ ድንጋይ ለድንጋይ እያሳለፍክ ስትሠራው ኖርክ? በራፍህ ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ፣ ቢጫዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታየው! በመነጽር ጋረዱብህ፣ ቤትህ ስትገባ ራስህ ጋረድከው፣ የኔ ቢጫ!» ድምፅዋ ቅያሱን ሞላው። አክስቴም እኔም ገባንበት። ለቀስተኞቹ ከግቢው እየሮጡ ወጡ፤ ጎማ ጠጋኙ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ፤ ምን ተፈጠረ አለ።

አጎቴ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። «ትናንት ምን ይሠራ ነበር ብለኸኝ ነበር አይደል?» አለው ጎማ ጠጋኙን። አገጩን ወደ ምሰሶው አነሣ። «ያንን።»

ጎማ ጠጋኙ ለረጅም ጊዜ አንጋጦ አየ። «ይኼን እሱ ነው የሠራው?»

«ቀለሙን» አለ አጎቴ፣ ድምፁ ምንም ሳይሰበር።

«አይ!» አለ ጎማ ጠጋኙ። «ምነው የኛን ሰፈር መብራት፣ የተቃጠለውን ሳይሠራልን!» ብሎ እሱም ማልቀስ ጀመረ። ማንም አልሳቀም። ማንም አላረመው።

እናቴን አስገብተን ሾርባዋን ስትጨርስ አየኋት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ክፍል ሄጄ ምስማሮቹን በማንኪያ እጀታ ነቀልኩ። ብርድ ልብሱ ከአቧራው ጋር ወደቀና ቢጫው አልጋው ላይ፣ የሥራ ካፖርቱ ላይ፣ ጫማው ላይ ተኛ። እናቴ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኬ ጮኸ። ደንቡ ነው፤ ድምፁ ያፍራል፤ ዕቃ ሲመልስ አንድ መነጽር ጎድሎበታል፤ በዚህ ሰዓት መጠየቅ ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን ደንብ ነው። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። ጣቷ ላይ ያለው ጥቁር ፕላስተር ጫፉ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ቀለበቱ ያበራል።

«እኛ ጋ ነው» አለችው። «ና ውሰደው። ግን ነገ ሲመሽ ና፤ ደኅና ወንበር አለን፣ መቀመጥም ይቻላል። እዚህ ስትደርስ ምንም መነጽር አታድርግ።»